ለአባቴ የታዘዘው ከምላስ ሥር የሚደረገው የልብ ኪኒን (ናይትሮግሊሰሪን) ይዋጣል ወይ?

አይዋጥም። አባትህ የቸርችልን ዳገት ወደ ፒያሳ ሲወጡ ደረታቸውን ጨምድዶ ከያዛቸው መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ። ኪኒኑን ቆመው ከወሰዱት የደም ግፊታቸው ወርዶ ሊወድቁ ይችላሉ። አንድ ናይትሮግሊሰሪን ከምላሳቸው ሥር አድርገው እስኪሟሟ ይተዉት። ማኘክም ውሃ መጠጣትም የለም። ራሳቸውን ቢያማቸው አትደንግጥ፣ የተለመደ ነው።

በ5 ደቂቃ ካልተሻላቸው 907 ደውል። አምቡላንሱ እስኪደርስ በየ5 ደቂቃው አንድ መድገም ይቻላል፤ በጠቅላላው ከ3 እንዳያልፍ። ሐኪማቸው ሌላ ካዘዘ የሱን ተከተሉ።

አንድ ነገር ግን አደራ። እንደ ቪያግራ ያለ መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ ዛሬውኑ ይጠየቁ። ሁለቱ ሲገናኙ ግፊትን እስከ ሞት ሊያወርዱት ይችላሉ። ፋርማሲ ስሠራ እንዳየሁት፣ አባቶች ይህን ልጃቸው ፊት አይናገሩም። አንተ ካፈርክ ሐኪሙ ለብቻቸው ይጠይቃቸው። በቅርብ ቀን ወስደው ከሆነ ናይትሮግሊሰሪኑን አይንኩ፤ ደረታቸውን ካመማቸው ቀጥታ 907 ነው።