«ይሄ ስታር ትሬክ አይደለም» አልኳት፤ ልጄ ላፕቶፑን ዘግታ ተነሳች

ውድ እህቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልሽ ነገር ለብዙ ሰው ተራ ሊመስል ይችላል። እኔን ግን አንድ ወር ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በሱዳን በኩል አሜሪካ ስገባ 24 ዓመቴ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው፣ የሌሊት ሺፍት። አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ የመስታወት ክፍል ነበረች። አንድ ወንበር፣ አንዲት ማሞቂያ፣ ከእኔ በፊት ይሠራ የነበረው ልጅ ትቶት የሄደ ትንሽ ቴሌቪዥን። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መኪና የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው። ከስታር ትሬክ ጋር የተዋወቅሁት እዚያ ነው።

ለማያውቁት አንባቢዎችሽ፣ ስታር ትሬክ በ1966 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የጀመረ የጠፈር ተከታታይ ፊልም ነው። ኢንተርፕራይዝ የምትባል መርከብ ከኮከብ ኮከብ ትዞራለች። ሠራተኞቿ ከሰውም ከሌላ ዓለም ፍጡርም የተውጣጡ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተከታታይ ተሠርቶለታል። የእኔ በ1987 የጀመረው ዘ ኔክስት ጄኔሬሽን ነው፤ ካፒቴን ፒካርድ ያለበት።

ያኔ ደንበኞች ሲያናግሩኝ ግማሹ ያመልጠኝ ነበር። ፒካርድ ሲናገር ግን ቃል በቃል ይገባኛል። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። ከቋንቋው በላይ የያዘኝ ግን የስብሰባ ጠረጴዛቸው ነው። ችግር ሲመጣ ሁሉም ዙሪያውን ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ የመሰለውን ይናገራል። ካፒቴኑ ሁሉንም ሰምቶ ይወስናል። እኔ ያደግኩት በደርግ ጊዜ ነው። የእኛ ስብሰባ ከመድረክ የተባለውን ሰምቶ ማጨብጨብ ነበር። ያንን ጠረጴዛ ሳይ «እንዲህም ይኖራል ለካ» እል ነበር።

ዳርሞክ የሚባል ክፍል አለ፤ እኔ በመጣሁበት ዓመት የወጣ ነው። ቋንቋቸው በሙሉ ከተረት የተሠራ ሕዝብ ያጋጥማቸዋል። ማሽኑ ቃሉን ይተረጉማል፤ የሚሉት ነገር ግን አይያዝም። «ሻካ፣ ግንቦቹ ሲወድቁ» ይላሉ፤ አልተሳካም ማለታቸው ነው። ተረቱን ካላወቅህ ምንም አይገባህም። እኔ ወዲያው ገባኝ። እኛስ አገር «የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል» ሲባል ጅቡ የታለ ብሎ የሚጠይቅ አለ? ፒካርድና የዚያ ሕዝብ ካፒቴን በምድረ በዳ እሳት አንድደው ለመግባባት ሲታገሉ ያድራሉ። ያን ሌሊት መስታወቷ ውስጥ ብቻዬን አለቀስኩ።

ልጄ አሁን 17 ዓመቷ ነው። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ዓርብ ማታ አብረን ስናይ ኖረናል። ይህን የነገርኩሽን ሁሉ ታውቃለች። ነገሩ የተበላሸው ዲስከቨሪ በሚባለው፣ በ2017 በጀመረው ተከታታይ ነው። እሷ ወደደችው፤ እኔ አልቻልኩም። በየሲዝኑ ዓለም በሙሉ ሊጠፋ ነው። መርከቧ በጠፈር ላይ በተዘረጋ የእንጉዳይ መረብ ትጓዛለች። ከመጀመሪያው ተከታታይ የምናውቀው ስፖክ ለሃምሳ ዓመት ስሟ ያልተነሳ እህት ወጣችለት። ክሊንጎን የሚባሉት ተዋጊ ፍጡሮች መልካቸው ተለውጦ አላወቅኋቸውም። ያ ጠረጴዛ ደግሞ የለም። ሁሉም ቆሞ ነው የሚያወራው፣ ያውም እያንሾካሾከ።

ባለፈው ወር «አባዬ፣ ዛሬ እኔ ልምረጥ» አለችኝ። የዲስከቨሪን የሦስተኛ ሲዝን የመጀመሪያ ክፍል ከፈተች። መጨረሻው ላይ አንድ ባንዲራ ሲሰቀል ዋናዋ ገጸ ባሕርይ፣ ማይክል በርንሃም፣ እንባዋ መጣ። እኔም «ይቺ ደግሞ ሥራዋ ማልቀስ ነው። ይሄ ስታር ትሬክ አይደለም» አልኩ። ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። «ኦኬ፣ አባዬ» ብላ ላፕቶፑን ዘግታ ወደ ክፍሏ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ሲመጣ የቤት ሥራ አለብኝ ትላለች። በመጪው መስከረም ሌላ ስቴት ኮሌጅ ትገባለች። የቀሩንን ዓርቦች በጣቴ መቁጠር እችላለሁ።

ይቅርታ ልጠይቃት? ያልኩትን እኮ አምኜበት ነው ያልኩት። ያልወደድኩትን ወድጄዋለሁ ብዬ ልዋሻት? እስቲ ንገሪኝ።

ከመስታወቷ ክፍል፣ ቨርጂኒያ

መልስ

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ጉዳዩ ተራ አይደለም። እኔም ስታር ትሬክን እያየሁ ያደግኩ ነኝ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ልጅዎን አይዋሿት። በመጀመሪያ ደረጃ ታውቅብዎታለች። ደግሞም ካነሱት ቅሬታ ብዙው ትክክል ነው። ዲስከቨሪን እየወደድኩት የማዝንበት ነገር አለኝ። የእርስዎ ተከታታይ በሰባት ዓመት 178 ክፍል ነበረው። ዲስከቨሪ በአምስት ሲዝን 65 ብቻ ነው። በዓመት 26 ክፍል ሲኖር ሥራ ፈት ቀን ይኖራል። ካርታ የሚጫወቱበት ማታ ይኖራል። ጥግ ላይ የሚቆመው ሠራተኛ እንኳ የራሱ ታሪክ ይደርሰዋል። ዲስከቨሪ ላይ ዴትመርና ኦዎሴኩን መርከቧን ሲነዱ ስንት ጊዜ አየን፣ ስለ እነሱ ግን ምን ያህል አወቅን? ዓለም ሊጠፋ ነው እየተባለ ሁልጊዜ ሲሮጥ፣ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያወራበት ጊዜ ያጣል። ጠረጴዛው የናፈቀዎት ለዚህ ይመስለኛል። እኔንም ይናፍቀኛል።

«ይሄ ስታር ትሬክ አይደለም» የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ቃል በእርስዎው ፒካርድ ላይም ተብሏል። በ1987 የድሮው ካፒቴን ከርክ ወዳጆች አዲሱን ሲያዩ ስፖክ የለም፣ ካፒቴኑ መላጣ ነው፣ ጠላት የነበረው ክሊንጎን ኢንተርፕራይዝ ላይ ሥራ ይዟል። ብዙዎች ተናደዱ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የመጀመሪያው ሲዝን ደካማ ነበር። ክሊንጎኖችም ቢሆኑ መልካቸው የተለወጠው ዛሬ አይደለም። ግንባራቸው የተሸነተረው በ1979ኙ የሲኒማ ፊልም ነው። ምክንያቱ በታሪኩ ውስጥ እስኪነገር እስከ 2005 ድረስ ተጠብቋል። በ1993 ዲፕ ስፔስ ናይን የሚባለው ሌላ ተከታታይ ሲመጣ ደግሞ «የትም የማይሄድ ጣቢያ ላይ ምን ጉዞ አለ?» ተባለ። ዛሬ ያንኑ ተከታታይ ከሁሉም አስበልጠው የሚወዱ ብዙ ናቸው። አንዷ እኔ ነኝ።

አሁን ወደዚያች ማታ ልመለስ። ልጅዎ የመረጠችውን ክፍል በደንብ አውቀዋለሁ። እርስዎ የነገሩኝ የመጨረሻውን እንባ ብቻ ነው። ከእንባው በፊት ያለውን አብረን እንየው።

በርንሃም ወደ ፊት 930 ዓመት ተጉዛ የማታውቀው ዓለም ላይ ትወድቃለች። መርከቧ የለችም። ጓደኞቿ የሉም። የምታገለግለው ፌዴሬሽን፣ የብዙ ዓለማት ኅብረት፣ ፈራርሷል። የሚያውቃት አንድ ሰው የለም። ያገኘችው ሰው የሚነግራትም ግማሹ አይገባትም። አስቡት ወንድሜ፣ ይህን ታሪክ ከዚህ በፊት ሰምተውት አያውቁም?

ሌላም ሰው አለ፣ ሳሂል የሚባል። ክፍሉ የሚጀምረው በእሱ ነው። ማለዳ ይነሳል፣ አልጋውን ያነጥፋል፣ ይታጠባል፣ ልብሱን አስተካክሎ ይለብሳል፣ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ብቻውን ነው። ማንም አይመጣም። በማግስቱም እንደዚያው። አባቱም አያቱም የፌዴሬሽኑ መኮንኖች ነበሩ። እሱን የሚሾመው ሰው ስለጠፋ ሹመቱን አላገኘም። ባንዲራውን መስቀል የሚችለው የተሾመ ሰው ብቻ ነውና አጥፎ አስቀምጦታል። ሥራውን ግን አንድ ቀን አላጓደለም። በርንሃም ስትመጣ ትሾመዋለች። ያኔ ነው ባንዲራው የሚሰቀለው። ያኔ ነው የምታለቅሰው።

በአንዲት ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ሥራውን የሚሠራ ሰው። ከሩቅ መጥታ፣ ሁሉን አጥታ እንደገና የምትጀምር ሴት። እኔ የልጅዎን ልብ አላውቅም። ነገር ግን የመስታወቷን ክፍል ታሪክ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትሰማ ያደገች ልጅ፣ ከ65 ክፍል ውስጥ ይህን መርጣ አጠገብዎ የተቀመጠችው እንዲሁ በአጋጣሚ አይመስለኝም። እርስዎ ራስዎ ስለ ዳርሞክ ጽፈውልኛል። በተረት ብቻ የሚናገር ሕዝብ። ልጅዎም ያን ማታ በተረት እያወራችዎት ነበር።

በኋላ ካፒቴን የምትሆነው በርንሃምም ጥቁር ሴት ናት፤ ልጅዎም አሜሪካ ውስጥ እያደገች ያለች ጥቁር ልጅ ናት። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በስታር ትሬክ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። በ1960ዎቹ፣ በመጀመሪያው ተከታታይ፣ ተዋናይቷ ኒሼል ኒኮልስ የመርከቧን መኮንን ኡሁራን ሆና ትሠራ ነበር፤ ስሟ የመጣው ከስዋሂሊው ኡሁሩ፣ ነፃነት ከሚለው ቃል ነው። ልትለቅ ወስና ሳለ እንዳትለቅ የለመኗት ማርቲን ሉተር ኪንግ ናቸው። እሷ በሕይወት ሳለች ደጋግማ እንደተናገረችው፣ ኪንግና ባለቤታቸው ልጆቻቸው አምሽተው እንዲያዩ የሚፈቅዱት ፕሮግራም ይህ ብቻ ነበር። እነሱም እንደ እርስዎ ከልጆቻቸው ጋር ነው ያዩት።

እንባውን በተመለከተ አንድ ነገር ላስታውስዎት። ፒካርድ አላለቀሰም? በ1990 የወጣውን ፋሚሊ የሚባለውን ክፍል መቼም አይረሱትም። ቦርግ የሚባሉት ግማሽ ሰው ግማሽ ማሽን የሆኑ ጠላቶች ማርከው፣ አእምሮውን ወስደው፣ በገዛ ወገኖቹ ላይ መሣሪያ ካደረጉት በኋላ ፈረንሳይ ወደ ትውልድ ቤቱ ይሄዳል። ወንድሙ ሮበርት ነገር ይፈልገዋል። ወይን ተክሉ መሐል ይደባደባሉ፣ ጭቃ ላይ ይንከባለላሉ። መጀመሪያ ይስቃሉ። ከዚያ ያ ኩሩ ካፒቴን በጭቃ እንደተለወሰ ይንሰቀሰቃል። ላቆማቸው ይገባኝ ነበር፣ አልቻልኩም ይላል። ወንድሙ አጠገቡ ይቀመጣል። እኔ ከሰባቱ ዓመት ሁሉ አንድ ብቻ አስቀሪ ብባል የማስቀረው ያንን ነው። እርስዎም ብቻዎን ሆነው መስታወቷ ውስጥ አልቅሰዋል። ለልጅዎ ይህን ነግረዋት ያውቃሉ? ስለ ጠረጴዛው እንደነገሯት እገምታለሁ። ስለ እንባው ግን እጠራጠራለሁ።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ዓርብን አይጠብቁ፤ ዛሬ በሯን ያንኳኩ። «ያን ክፍል አቋረጥኩብሽ፤ እንደገና አሳዪኝ» ይበሏት። ይቅርታ የሚጠይቁት ስላልወደዱት አይደለም። ልታሳይዎት የፈለገችውን ሳያዩ ስለፈረዱ ነው። ይህን ደግሞ ሳይዋሹ ማለት ይችላሉ። ከዚያ አብረው ይዩት። አስተያየት አይስጡ። ሲያልቅ ስለ እንጉዳዩ ሳይሆን ስለ ሳሂል ይጠይቋት። ያችን ያለቀሱባትን ሌሊትም ይንገሯት።

ቅሬታዎ የትም አይሄድም። ቆይቶ ይደርሳል። ስታር ትሬክ የሚወድ ሰው ሁሉ ስለ ስታር ትሬክ ያማርራል፤ የፍቅሩ ግማሽ እሱ ነው። ልጅዎም በእርስዎው ተከታታይ ላይ የራሷ ቅሬታ ሊኖራት ይችላል። ዊዝሊ ክራሸር የሚባለው ልጅ በየጊዜው አዋቂዎቹን በልጦ መርከቧን ሲያድን ምን እንደሚሰማት ይጠይቋት። የመርከቧን የሥነ ልቦና አማካሪ ካውንስለር ትሮይን ለረጅም ጊዜ ያለበሷት ልብስ፣ የሰጧትስ ሥራ? እዚህ ላይ የምትሰማው ነገር ቀላል አይሆንም፤ እውነቷንም ነው። ይስሟት።

ከመሄዷ በፊት ለመጨረሻዋ ዓርብ ግን አንድ ልምረጥላችሁ። ከዲፕ ስፔስ ናይን፣ በ1995 የወጣው ኤክስፕሎረርስ። አዛዡ ቤንጃሚን ሲስኮ ልጁን ብቻውን የሚያሳድግ ጥቁር አባት ነው። ከጥንት ሥዕል ተነስቶ በብርሃን ግፊት የምትሄድ የጠፈር ጀልባ በገዛ እጁ ይሠራል። ልጁ ጄክ መጀመሪያ አይመጣም ነበር፤ በኋላ ሐሳቡን ይለውጣል። ጦርነት የለም። ዓለም አይጠፋም። አባትና ልጅ ጠባብ ጀልባ ውስጥ ሸራ እየዘረጉ ይሄዳሉ።

ጉዞው መሐል ላይ ጄክ ለአባቱ አንድ ወሬ ይነግረዋል። ሩቅ አገር የጽሑፍ ትምህርት ዕድል አግኝቷል፤ አባቱን ብቻውን ትቶ መሄድ ግን ከብዶታል። እዚያ ሲደርስ ምንም አይበሉ። እሷ የምትለው ሊኖር ይችላል።