ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ሃርድ ዲስክ መንቀል ይቻላል?

ጥያቄ፦ ጅማ ፈረንጅ አራዳ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። የቆዩ ሥራዎቼ ያሉት መሳቢያ ውስጥ ባስቀመጥኳቸው የሳታ (በቀጭን የዳታ ገመድ የሚገናኙ) ሃርድ ዲስኮች ላይ ነው። ሬንደር እያደረግኩ (ኮምፒውተሩ ኤዲት ያደረግኩትን ወደ አንድ ቪዲዮ ፋይል እያወጣ) ደንበኛ ይመጣና የአምናውን ቪዲዮ ይጠይቀኛል። ኮምፒውተሩን ሳላጠፋ ዲስክ ብሰካና ብነቅል የሚቃጠል ነገር አለ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሳታ ከሆነ ይቻላል። ማገናኛው ሲሠራ ታስቦበታል፤ አንዳንድ የግራውንድ (የመሬት መስመር) ፒኖች ከሌሎቹ ረዘም ስለሚሉ ስትሰካ ቀድመው ይነካሉ፣ ስትነቅል መጨረሻ ይለቃሉ። ሰፊ ጠፍጣፋ ገመድ ያለውን የድሮውን አይዲኢ ግን ኮምፒውተሩ በርቶ እንዳትነካው።

ማቃጠሉን ካነሳህ፣ እኔን የሚያስፈራኝ የዲስኩ ሆድ ነው። እዚያ ያለው ሰርኪዩት ቦርድ ብዙ ጊዜ መሸፈኛ የለውም፣ የኬዙን ብረት ከነካ ሾርት ያደርጋል። ካርቶን ላይ አስቀምጠህ ስካው።

ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ሴቲንግ) ውስጥ የሳታው ሞድ ኤኤችሲአይ (ኮምፒውተሩ በርቶ ዲስክ ለመሰካት የሚሆነው አሠራር) መሆኑን፣ የፖርቱም ሆት ፕለግ (በርቶ መሰካትን የሚፈቅደው ምርጫ) መብራቱን እይ። ሞዱ አይዲኢ ከሆነ ዝም ብለህ አትቀይረው፣ ዊንዶውስ አልነሳም ሊልህ ይችላል።

ስትሰካ መጀመሪያ ፓወሩን፣ ቀጥሎ የዳታውን ገመድ። ዋናው ጣጣ መንቀሉ ላይ ነው። ኮፒው አለቀ ቢልህም ዊንዶውስ ገና ያልጻፈው ዳታ ራም (ጊዜያዊ ሜሞሪ) ላይ ሊኖር ይችላል፣ በዚያች ቅጽበት ከነቀልከው የሰው ሠርግ ተበላሸ ማለት ነው። ስለዚህ ከሰዓቱ አጠገብ ባለችው ምልክት ኢጀክት አድርገው (በሰላም አስወጣው)፤ እዚያ ካላገኘኸው ዲስክ ማኔጅመንት (የዊንዶውስ የዲስክ መቆጣጠሪያ) ገብተህ ኦፍላይን በለው። ከዚያ የዳታውን ገመድ ንቀል፣ ቀጥሎ ፓወሩን፣ ግን ዲስኩን ወዲያው እንዳታነሳው። ውስጡ ያለው ሳህን በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ ሲዞር የነበረ ስለሆነ ፓወሩ ከተነቀለም በኋላ ለጥቂት ሰከንድ ይዞራል። ድምፁ እስኪጠፋ ባለበት ተወው። ዊንዶውስ የተጫነበትን ዲስክ ደግሞ በምንም ምክንያት አትንቀል።

ሬንደር ላይ እያለህ ግን አልመክርህም። ትልቁ ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ መዞር ሲጀምር ከ12 ቮልቱ ብዙ ኃይል ይስባል፣ ፓወር ሰፕላይህ ደካማ ከሆነ ኮምፒውተሩ ሪስታርት ሊያደርግ ይችላል፣ የለፋህበት ሬንደርም አብሮ ይሄዳል። ደንበኛ የሚመላለስብህ ከሆነ የራሱ አዳፕተር ያለው የዩኤስቢ ዶክ (ዲስኩን ከውጭ ሰክተህ በዩኤስቢ የምታገናኝበት መሣሪያ) ግዛ፣ ዲስኩ ፓወሩን ከዚያ ያገኛል፣ ኬዙንም በየጊዜው አትከፍትም። ኢጀክት ማድረጉ ግን እዚያም አይቀርም።