መልሱን ከመኮረጃችሁ በፊት ጥያቄውን እወቁ

ሰላም ልጆች፣

ተመርቃችሁ የወጣችሁም፣ ገና የምትማሩም የምትልኩልኝ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «እገሌ የሚባለው ድርጅት እንዲህ ያለ አፕ አለው፤ ከሱ የተሻለ ብንሠራ ያዋጣል ወይ?» ትሉኛላችሁ። በምን የተሻለ? ስላችሁ ፈጣን፣ ርካሽ፣ ትክክለኛ ትላላችሁ። ጥሩ። ግን ለማን?

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በሴንሰር ሥራ ነው። የፋብሪካ ሞተር ከመበላሸቱ በፊት በአነቃነቁ የሚያሳብቁበት ትንንሽ ዕቃዎች ናቸው እንጀራዬ። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ የጌም ወሬ ቢሆንም ለኔ ሩቅ አይደለም። ኒንቴንዶ፣ ሶኒና ማይክሮሶፍት በእጅ እንቅስቃሴ በሚሠራ ጆይስቲክ የተፎካከሩበትን ዘመን ነው የማነሳው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኒንቴንዶ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጥሩ ላይ አልነበረም። ጌምኪዩብ የተባለው ኮንሶሉ (ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካው የጌም ማጫወቻ) በዓለም ዙሪያ የተሸጠው ወደ 21.7 ሚሊዮን ነው። የሶኒ ፕሌይስቴሽን 2 ከ150 ሚሊዮን አልፏል። ቀጣዩ ዙር ሲመጣ ሶኒና ማይክሮሶፍት የያዙት መንገድ የታወቀ ነበር። የበለጠ ኃይለኛ ፕሮሰሰር፣ የበለጠ የጠራ ምስል። ያኔ ሳቶሩ ኢዋታ ይመራው የነበረው ኒንቴንዶ ግን ሌላ ነገር ጠየቀ። እዚሁ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ጆይስቲክ የማይነካው ሰው ለምንድን ነው የማይነካው?

መልሱ ጆይስቲኩ ራሱ ነበር። ሁለት ዱላ፣ ከአሥር በላይ ቁልፍ። ልጁ ሳያይ ይጫወትበታል። እናቱ ግን ገና ስታየው «ተወኝ ልጄ» ትላለች።

በሴፕቴምበር 2005 ኢዋታ በቶኪዮ ጌም ሾው ትርኢት ላይ ይዞት የወጣው ነገር የቴሌቪዥን ሪሞት ይመስል ነበር። ታስቦበት ነው። ሪሞት የሚፈራ ሰው የለም። ዊ የተባለው ኮንሶል በኖቬምበር 2006 አሜሪካ ገበያ ላይ ሲወጣ ዋጋው 250 ዶላር ነበር። በዚያው ወር የወጣው ፕሌይስቴሽን 3 እንደ ዓይነቱ 500 እና 600 ዶላር ነው። ዊ ኤችዲ የሚባለውን የጠራ ምስል እንኳ አያወጣም። ግን አብሮት የሚመጣው ጌም ቴኒስ፣ ቦውሊንግ፣ ቤዝቦል፣ ጎልፍና ቦክስ ነበር። ለመጫወት እጅን መወርወር በቂ ነው። የአረጋውያን መኖሪያዎች ውስጥ ሳይቀር የቦውሊንግ ውድድር ተጀመረ። በመጨረሻ ከ101 ሚሊዮን በላይ ዊ ተሸጧል።

እስቲ ሪሞቱን እንክፈተው፤ እኔ ደስ የሚለኝ እዚህ ጋ ነው። ውስጡ ከጥፍር ያነሰ አክስለሮሜትር፣ ማለትም የፍጥነት ለውጥን የሚለካ ሴንሰር አለ። አናሎግ ዲቫይስስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሥራ ነው። አሠራሩ እንዲገባችሁ አንበሳ አውቶቡስ ላይ ቆማችሁ የሄዳችሁበትን ቀን አስቡ። ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት፣ ሲነሳ ወደ ኋላ ትገፋላችሁ። ቺፑ ውስጥም በሲሊከን ሞላ ላይ የተንጠለጠለች ጢኒጥ ክብደት አለች። እጃችሁ ሲወረወር እሷ ትንሽ ወደ ኋላ ትቀራለች። ምን ያህል እንደቀረች በኤሌክትሪክ ይለካል። አለቀ። በዘመኑ አዲስ ነገር አልነበረም። መኪና ሲጋጭ ኤርባጉን የሚያስነሳው ይኸው ዓይነት ቺፕ ነው፤ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይሠራበታል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስቀኝ ግን ሌላ ነው። ቴሌቪዥኑ አጠገብ የሚቀመጠው «ሴንሰር ባር» ምንም ሴንሰር የለውም። በሁለት ጫፉ ለዓይን የማይታይ ብርሃን የሚሰጡ የኢንፍራሬድ መብራቶች አሉት፣ በቃ። የሚያየው ሪሞቱ ነው፤ ፊቱ ላይ ትንሽ ካሜራ አለው። ባሩ የተበላሸበት ሰው ሁለት ሻማ አብርቶ ቴሌቪዥኑ ሥር አራርቆ ያቆምና ጨዋታውን ይቀጥል ነበር። ይሠራል። ሻማም ኢንፍራሬድ ይረጫል።

ሻማ ሊተካው የሚችል ዕቃ ነው እንግዲህ ያንን ሁሉ ገበያ የገለበጠው። በ1997 ያረፈው የኒንቴንዶ ዲዛይነር ጉንፔይ ዮኮይ የሚታወቅበት አስተሳሰብ ይህ ነበር። የረከሰና የተለመደ ቴክኖሎጂ ውሰድና ማንም ያላሰበው ቦታ ላይ አውለው ይላል። «የላብራቶሪ ዕቃ ስለሌለን አልቻልንም» የምትሉኝ ልጆች ይህችን ደጋግማችሁ አንብቧት።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ አልነበረም። ሰዉ ቦውሊንግ ሲጫወት ተመስጦ ሪሞቱን እንደ እውነተኛ ኳስ ይለቀዋል። የእጅ ማሰሪያዋ ክር ቀጭን ስለነበረች ትበጠሳለች። ሪሞቱ ሄዶ ቴሌቪዥን ላይ ያርፋል። ገና በዲሴምበር 2006 ኩባንያው 3.2 ሚሊዮን ማሰሪያ በነፃ ልቀይር አለ።

ሶኒስ? በሜይ 2006 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በተደረገው የኢ3 የጌም ትርኢት ላይ «የኛም ጆይስቲክ እንቅስቃሴ ያነባል» ብሎ ብቅ አለ። ሲክስአክሲስ ይባላል። ሲታይ ያው የድሮው ጆይስቲክ ነው፤ ዱላውም ቁልፉም እንዳለ አለ። የጠፋው ንዝረቱ ነው። ለምን ሲባል፣ ንዝረቱ ሴንሰሩን ይረብሸዋል አሉ። ሲንቀጠቀጥ በሚውል ማሽን ላይ ሴንሰር ሲለጥፍ ለኖረ ሰው ይህ የሚዋጥ አይደለም። የኒንቴንዶው ሪሞት እኮ ንዝረትም ሴንሰርም ነበረው! በጊዜው ሶኒ ኢመርሽን ከተባለ ኩባንያ ጋር በንዝረት ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ፍርድ ቤት ይካሰስ ነበር። በማርች 2007 ታረቁ። ከዚያ ሁለቱንም የያዘው ዱዋልሾክ 3 የተባለ ጆይስቲክ ወጣ። ትዝብቱን ለእናንተ ትቻለሁ።

የሲክስአክሲስ ችግር ግን ንዝረት ማጣቱ አይደለም። «ተወኝ ልጄ» ያለችው እናት አሁንም «ተወኝ» ነው የምትለው። ሶኒ የወሰደው ሴንሰሩን ነው፤ ሴንሰሩ ለምን እንደገባ አልወሰደም።

በሴፕቴምበር 2010 ደግሞ ፕሌይስቴሽን ሙቭ የተባለ በእጅ የሚያዝ ዱላ አወጣ። እዚህ ላይ መሐንዲሶቹን አመሰግናለሁ። ዱላው ጫፍ ላይ የሚያበራ ኳስ አለ። ኳስ ከየትኛውም ወገን ብታዩት ክብ ነው። ካሜራው ኳሱ ትልቅ ሆኖ ከታየው ቀርቧል፣ ትንሽ ሆኖ ከታየው ርቋል ብሎ ርቀቱን ያሰላል። ውስጡ አክስለሮሜትር፣ ጋይሮስኮፕ (መዞርን የሚለካ ሴንሰር) እና የመግነጢስ ሴንሰር አለ። በትክክለኛነት ከመጀመሪያው የዊ ሪሞት በብዙ ይበልጣል። እና ምን ሆነ? ዊ ከወጣ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። በትክክለኛነት ማነስ ምክንያት ዊ ሳይገዛ የቀረ ሰው ብዙ አልነበረም። ኒንቴንዶም ቢሆን በ2009 ጋይሮስኮፕ ያለው ጭማሪ ሰክቶበታል። ሶኒ ማንም ላልጠየቀው ጥያቄ ቆንጆ መልስ ይዞ መጣ።

ማይክሮሶፍት የተሻለ አሰበ። እናትየዋ የፈራችው ቁልፉን ከሆነ ሪሞቱስ ለምን ያስፈልጋል አለ። ኤክስቦክስ 360 በሚባለው ኮንሶሉ ላይ የሚሰካ ኪኔክት የተባለ ካሜራ በኖቬምበር 2010 በ150 ዶላር ወጣ። እጅ ላይ የሚያዝ ነገር የለም። ፕራይምሴንስ በተባለ የእስራኤል ኩባንያ ቴክኖሎጂ ክፍሉ ላይ የማይታዩ የኢንፍራሬድ ነጠብጣቦች ይረጫል። ነጠብጣቦቹ ሰውነታችሁ ላይ ሲያርፉ ቦታቸው ይዛባል። ካሜራው ከመዛባታቸው ተነስቶ እያንዳንዱ ነገር ምን ያህል እንደራቀ ያውቃል። በ60 ቀን ውስጥ 8 ሚሊዮን ተሸጠ፤ ጊነስም መዝገብ ላይ አሰፈረው።

ግን ቦታ ይፈልጋል። ለመጫወት ከካሜራው ወደ 1.8 ሜትር ራቅ ብሎ መቆም ነበረበት። ሰፊ ሳሎን ላለው አሜሪካዊ ምንም አይደለም። አዲስ አበባ ያሉትን ፕሌይስቴሽን ቤቶች አስቡ። ጠባብ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ ትከሻ ለትከሻ የተቀመጡ ልጆች፣ ፊፋ። የቤቱ ባለቤት የሚጨነቀው በካሬ ሜትር ስንት ተጫዋች ይቀመጣል፣ ጆይስቲኩ ስንት ወር ይቆያል ብሎ ነው። እጁን የሚያወናጭፍ ደንበኛ ለሱ ኪሳራ ነው። እኔ ባየኋቸው ቤቶች ዊም ኪኔክትም አላየሁም፤ አይፈረድባቸውም።

ከዚያ ማይክሮሶፍት የሠራውን ተመልከቱ። በኖቬምበር 2013 ኤክስቦክስ ዋን የተባለው አዲሱ ኮንሶሉ ሲወጣ ኪኔክትን ከኮንሶሉ ጋር አቆራኝቶ 500 ዶላር አለ። ፕሌይስቴሽን 4 በ400 ነበር። ኪኔክት ለማይጫወተው ሰው የተሠራ ዕቃ ነው። ኮንሶል በወጣ በመጀመሪያው ወር ተሰልፎ የሚገዛው ደግሞ የቆየው ተጫዋች ነው። ለማይፈልገው ነገር 100 ዶላር ጨምር ተባለ። አልጨምርም አለ። በጁን 2014 ኪኔክት የሌለው በ400 ዶላር ወጣ። በ2017 ምርቱ ራሱ ቆመ።

ኒንቴንዶስ ከዚህ ዓይነቱ ውድቀት ተርፏል ወይ? አልተረፈም። በ2012 ያወጣው ዊ ዩ ወደ 13.6 ሚሊዮን ብቻ ነው የተሸጠው። በዊ የመጡት አዳዲስ ሰዎች እንግዶች ነበሩ። አንዳንዱ ቦውሊንጉን ተጫውቶ ሲጠግብ ሪሞቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። በዚያ ላይ ስልክ መጣ። ስልክ ደግሞ ከሪሞትም የቀለለ ነው። ጥያቄው አልተለወጠም፤ ሌላ ሰው በተሻለ መለሰው። ብዙዎቻችሁ የምትስቱት እዚህ ይመስለኛል። ደንበኛ ካመጣችሁ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስላችኋል። በሁለተኛው ዓመት ምን ታቀርቡለታላችሁ? ይህን ስጠይቅ ዝም የሚለኝ ብዙ ነው።

ቴክኖሎጂው ግን አልሞተም። ኪኔክት በወጣ በሳምንቱ አንድ ወጣት ፕሮግራመር ከተራ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው፤ ለዚህ የቀረበውን 3,000 ዶላር ሽልማትም ወሰደ። ማይክሮሶፍት መጀመሪያ ተቆጣ፤ በ2011 ግን ራሱ የፕሮግራመሮች ኪት አወጣ። ሮቦት ሠሪውም ተመራማሪውም ወረረው፤ በውድ ሲገዙት የነበረውን ዓይነት ካሜራ በ150 ዶላር አገኙታ። በ2013 አፕል ፕራይምሴንስን ገዛ። በ2017 የወጣው አይፎን 10 ፊታችሁን የሚለየው በዚያው ዘዴ ነው፤ ከ30,000 በላይ የማይታዩ ነጠብጣቦች ፊት ላይ ይረጫል። የሶኒ ሙቭም በ2016 ዓይን ሸፍኖ ሌላ ዓለም የሚያሳየው የፕሌይስቴሽን ቪአር መነጽር ሲመጣ ከመደርደሪያ ወረደ። ዓይኑ የተሸፈነ ሰው እጁ የት እንዳለ በሚሊሜትር ማወቅ ይፈልጋል። ያ ሁሉ ትክክለኛነት ያኔ ባለቤት አገኘ።

እና የፕሮጀክት ሐሳብ ስትልኩልኝ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የተፎካካሪዎችን ሰንጠረዥ አታስቀምጡ፤ እሱን ወደ ኋላ ውሰዱት። እዚያ ቦታ ላይ አሁን ያለውን አገልግሎት ስለማይጠቀም አንድ የምታውቁት ሰው ጻፉ። አክስታችሁ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ጥበቃው፣ ባለሱቁ። ለምን እንደማይጠቀሙ ራሳቸውን ጠይቃችሁ፣ ያሉትን ሳታሳምሩ አስቀምጡት። ዕቃ ከቸገራችሁ ደግሞ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ያው አክስለሮሜትር አለው፤ ብዙዎቹ ጋይሮስኮፕም አላቸው። የሴንሰሩን ቁጥር የሚያሳይ ነፃ አፕ ጫኑና ስልኩን ይዛችሁ ታክሲ ውስጥ ግቡ። ያገኛችሁትን ግራፍ ላኩልኝ፤ አያለሁ።