ኮታው የሚቆጥረው ማንን ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የአክስቴ ልጅ እንግሊዝ አገር ሊድስ ነው የሚኖረው፤ የራግቢ ሊግ (በ13 ሰው የሚጫወቱት የራግቢ ዓይነት) ፍቅር ይዞታል። እዚያ አንድ ክለብ የሚይዘው የውጭ ተጫዋች በኮታ የተወሰነ ነው ይለኛል። መልሶ ደግሞ ፊጂያዊ እንደ ውጭ ሰው የማይቆጠርበት ጊዜ ነበር አለኝና ግራ ገባኝ። እንዴት ሆኖ? ለመሆኑ ኮታው ራሱ ተገቢ ነው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ የአክስትህ ልጅ እውነቱን ነው።

ነገሩ የመጣው ከእጅ ኳስ ነው። ማሮሽ ኮልፓክ የሚባል ስሎቫካዊ በረኛ ጀርመን ውስጥ ይጫወት ነበር። የመኖሪያ ፈቃድ አለው፣ ውል አለው። ፌዴሬሽኑ ግን የተጫዋችነት ካርዱ ላይ «ኤ» የምትል ፊደል አተመበት፤ የውጭ ዜጋ ለማለት ነው። አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ከሁለት በላይ ባለ«ኤ» ማሰለፍ አይችልም። ሰውየው ከሰሰ። በፈረንጆቹ 2003 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ፈረደለት። አገሩ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ሠራተኞቿ እኩል እንዲታዩ የሚል ስምምነት ካላት፣ በሕጋዊ መንገድ ተቀጥሮ የሚሠራን ሰው በዜግነቱ መገደብ አይቻልም ተባለ።

አሁን ወደ ራግቢ እንምጣ። ፊጂ፣ ሳሞአ፣ ቶንጋ፣ ፓፑዋ ኒው ጊኒና ደቡብ አፍሪካ ከኅብረቱ ጋር የኮቶኑ ስምምነት የሚባለው (ኅብረቱ ከአፍሪካ፣ ከካሪቢያንና ከፓሲፊክ አገሮች ጋር የተፈራረመው) ነበራቸው። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ አልነበራቸውም። ስለዚህ ሲድኒ ያደገ ልጅ በወላጆቹ በኩል የቶንጋ ፓስፖርት ካወጣ ከኮታው ያመልጥ ነበር። የኛም አገር የኮቶኑ ፈራሚ ነበረች። ያኔ አንድ የደሴ ልጅ እዚያ ተቀጥሮ ቢሆን፣ በሕጉ አነጋገር ከአውስትራሊያዊው ይልቅ እሱ «የቤት ልጅ» ነበር! ይህን ሳስብ ሁሌም ይገርመኛል። በሩ የተዘጋው እንግሊዝ ከኅብረቱ ወጥታ የሽግግር ጊዜው በ2020 መጨረሻ ሲያበቃ ነው።

የኮታውን ቁጥር በተመለከተ፣ ሱፐር ሊግ በሚባለው የእንግሊዝ ከፍተኛው የራግቢ ሊግ ውድድር ለአንድ ክለብ ለረጅም ጊዜ 5 ነበር። በኋላ 7 ሆነ፤ ለ2026 ደግሞ ወደ 10 ከፍ አለ። የለውጡ ደጋፊዎች የአገር ውስጥ ተጫዋች አነሰ፣ ዋጋውም ተሰቀለ ይላሉ። ይገባኛል። ግን ሜዳ የሚገባው 13 ሰው ነው። ለ13 ቦታ 10 በዛ እላለሁ።

ለምን እንደምል ልንገርህ። ደሴ ውስጥ ታዳጊዎችን ለዓመታት አሠልጥኛለሁ። ከሰኞ ገበያ በኩል፣ በዚያ በጦሳ ብርድ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ የሚመጣ አንድ ልጅ ነበረኝ። 10 ቁጥር ለባሽ ነው፤ ኳስ ሲይዝ ቡድኑ ሁሉ ይረጋጋል። አንድ ክለብ ወሰደው። በዚያው ዓመት ክለቡ ለሱ ቦታ ሁለት ሰው ከሌላ ከተማ አመጣ። ልጁ ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በሚቀጥለው ዓመት ባጃጅ መንዳት ጀመረ። የመጡት ልጆች ጥፋት የለባቸውም፤ ጎበዞች ነበሩ። የእሱን ቦታ ግን የጠበቀለት ሕግ አልነበረም።

የአክስትህን ልጅ አንድ ነገር ጠይቅልኝ። በራግቢ ሊግ ጨዋታውን የሚመሩት ብዙ ጊዜ 6 እና 7 ቁጥር ለባሾች ናቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ጨዋታ ለማየት ሲገባ እነዚያ ሁለቱ ኳስ የተማሩት የት እንደሆነ ይይልኝ። መልሱን ጻፍልኝ።