ሃያ ዓመት የጾምሁት ከንቱ ነውን?

ጥያቄ፦ የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከቡሬ ነው። ታናሽ እኅቴ ሮሜ 3፥28ን ከፍታ «ሰው የሚጸድቀው በእምነት እንጂ በሥራ አይደለም» አለችኝ። ታዲያ ሃያ ዓመት የጾምሁት፣ የሰገድሁት ከንቱ ነውን?

መልስ፦ ልጄ፣ በጥቅሱ አትጣያት፤ ጥቅሱ የእኛም ነው። ብቻ «ያለ ሕግ ሥራ» የሚለውን ቃል አትዝለዪው። ጳውሎስ የሚሟገተው ካልተገረዛችሁ አትድኑም ከሚሉት ጋር ነው። አብርሃም አምኖ ጽድቅ ሲቆጠርለት ገና አልተገረዘም ነበር፤ የተገረዘው በ99 ዓመቱ ነው። ያዕቆብም በመልእክቱ ያንኑ አብርሃምን ይዞ ይስሐቅን ሊሠዋ ወደ ወጣበት ተራራ ይወስደናል፤ እምነቱ በሥራ ተፈጸመ ይላል። ሐዋርያቱ የተጣሉ የሚመስሉን እኛ ስንጣላ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ያ «ሃያ ዓመት» ያልሽው ነው። ይህን ቆጠራ ከስንት ምእመን ሰማሁት! አንዱ ስግደቱን ይቆጥራል፣ ሌላው ለቤተ ክርስቲያን የሰጠውን ቆርቆሮ። እግዚአብሔርን የዕቁብ ዳኛ አደረግነው፤ ሳናጓድል ከጣልን ዕጣው የግድ ሊደርሰን። ልጁ የታመመበትማ «ምን አጎደልሁ?» እያለ ሊከስ ይመጣል። በሉቃስ ወንጌል ምሳሌ ያለው ፈሪሳዊም እንደ እኛ በሳምንት ሁለት ቀን ይጾም ነበር፤ ጾሙም ሐሰት አልነበረም። ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው ግን ደረቱን እየደቃ «ማረኝ» ያለው ቀራጭ ነው። በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፣ ፈያታዊ ዘየማንስ፣ «አስበኝ» ከማለት በቀር ምን የሚያሳየው ነበረው?

«እንግዲያው ጾሙ ይቅርብኝ» የምትዪ ከሆነ ግን አልራራልሽም። ኤፌሶን 2፥8 «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና» ካለ በኋላ፣ ሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎ መልካሙን ሥራ ለማድረግ ተፈጠርን ይላል። እኅትሽም እዚያ ድረስ ታንብብ።

የቆሎ ተማሪ ሳለሁ በአንድ የዳሞት መንደር «በእንተ ስማ ለማርያም» ብዬ ደጅ ቆምሁ። አንዲት እናት ለራሳቸው ካቆዩት እንጀራ ገምሰው ሰጡኝ። ስሜን እንኳ አልጠየቁም፤ ወደ እንዝርታቸው ተመለሱ። «በፍቅር የሚሠራ እምነት» የሚለውን የገላትያ ቃል ትርጓሜ ቤት ሳልገባ ያየሁት እዚያ ነው።

የፊታችን ዓርብ እኅትሽን ጥሪያት። ክርክሩን ተዉትና ሉቃስ 18ን ከቁጥር 9 ጀምራችሁ አብራችሁ አንብቡ፤ ሽሮው 9 ሰዓት ላይ ይደርሳል።