«ገንዘብ አለቀ» የሚለውን ምድብ አውጪው

እህቴ፣ ለማስተርስ ጥናትሽ «ስታርትአፖች የወደቁበትን ምክንያት እንዴት ልሰብስብ፣ እንዴትስ ልመድብ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ጀማሪ ኩባንያዎችን በሚደግፍ ፕሮግራም ውስጥ ስሠራ የተዘጉትን መከታተል የእኔ ድርሻ ነበር። ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ «ገንዘብ አለቀ» የሚለውን ምድብ ከምክንያቶች ዝርዝር አውጪው። የሚዘጋ ድርጅት ከሞላ ጎደል ሁሉ መጨረሻ ላይ ገንዘብ ያልቅበታል። ለምን አለቀ? ጥያቄው እሱ ነው። ስለ ስታርትአፖች መረጃ የሚሰበስበው የአሜሪካው ድርጅት ሲቢ ኢንሳይትስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው የውድቀት ምክንያቶች ዝርዝር አንደኛው ምክንያት «ገበያው አልፈለገውም» ነበር፣ 42 በመቶ። በ2021 ሲያድሰው ግን «ገንዘብ አለቀ ወይም አዲስ ካፒታል አልተገኘም» በ38 በመቶ ቀደመ፤ የገበያ ፍላጎት ማጣት በ35 በመቶ ተከተለ። ሁለቱ እኮ ብዙ ጊዜ አንድ ታሪክ ናቸው! ደግሞ መረጃው በአብዛኛው መሥራቾቹ ራሳቸው የጻፉት ነው። ሰው ስለራሱ ውድቀት ሲጽፍ እንዴት እንደሚያሳምር ታውቂያለሽ።

የናይሮቢውን ኩኔ ፉድ እይው፤ የተዘጋጀ ምግብ የሚሸጥና የሚያደርስ ስታርትአፕ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ከባለሀብቶች አንድ ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ፣ በ2022 አጋማሽ ተዘጋ። የተሰጠው ምክንያት የካፒታል መድረቅና የምግብ ዋጋ መናር ነው። ግን በዚያው መግለጫ ላይ ምግቡን በአማካይ በ3 ዶላር መሸጡ ዕድገቱን ለመደገፍ እንዳልበቃ ተነግሯል። እኔ ብሆን «ዋጋው ወጪውን አይሸፍንም» ውስጥ እከተዋለሁ። የካፒታሉ መድረቅ ቀኑን አቀረበው እንጂ።

ስለዚህ በኤክሴልሽ ላይ የመጨረሻውን ክስተትና ከሥር ያለውን ምክንያት በተለያየ ዓምድ ያዢ። ምክንያቱን ማን እንደነገረሽም ጻፊ። ይሄ ቀላል ይመስላል፣ ግን ሥራውን ሁሉ የሚቀይረው እሱ ነው። አንድ የዴሊቨሪ ድርጅት መሥራች «የገደለን በሰኔ 2012 ዓ.ም. የተቋረጠው ኢንተርኔት ነው» አለኝ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ግን ከዚያ በፊትም እያንዳንዱ ትእዛዝ በኪሳራ ይደርስ እንደነበር ከደብተሯ አሳየችኝ። መሥራቹ አልዋሸም፤ እሱ የሚያስታውሰው ያን ነው። መሥራቾች ከድርጅታቸው ውጭ በሆነ ነገር ባሳበቡ ቁጥር ያው ችግር ያልጣላቸውን የዘርፉን ሌሎች ድርጅቶች ፈልገሽ አነጋግሪ።

እኛ አገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ድርጅቱ መቼ ሞተ? ንግድ ፈቃድ ለመመለስ የግብር ክሊራንስ ስለሚያስፈልግ ብዙው ዝም ብሎ ይጠፋል፣ በመዝገብ ግን ይኖራል። ሌላው ደንበኛ ሳይኖረው ከውድድር ውድድር፣ ከግራንት (የማይመለስ የገንዘብ ድጋፍ) ግራንት እየዞረ ይቆያል። እኛ ስድስት ወር ሙሉ አንድም ከፋይ ደንበኛ ያላገኘውን «ተዘግቷል» እንል ነበር። አንቺ ሌላ መስፈርት ልትመርጪ ትችያለሽ፤ ብቻ ቃለ መጠይቅ ሳትጀምሪ ወስኚ።

ምደባውን ብቻሽን አትሥሪው። አንድ ጓደኛሽ ያንቺን ሳያይ ለብቻው ይመድብ፣ ከዚያ አስተያዩ። ባልተስማማችሁባቸው ላይ ከአንድ በላይ ምክንያት መስጠትም ይቻላል፤ ዋናውን ብቻ ምልክት አድርጊበት።