ክትክታን ከዘር ማፍላት፦ ጥያቄና መልስ

ክትክታ ለማፍላት ሞክራችሁ የተቸገራችሁ ጠይቁ፤ የማውቀውን ሁሉ እመልሳለሁ። የተራቆተ ኮረብታ ያለው ሰው ከባህር ዛፍ በፊት ይህን ቁጥቋጦ እንዲያስብ እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ ዘሩ መቼ ይለቀማል?

መልስ፦ ክንፋሙ ፍሬ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ሲለወጥ ብዙ ሰው የደረሰ ይመስለዋል፤ ገና ነው። የገለባ መልክ ይዞ በጣት ሲያሹት ሲንኮሻኮሽ ልቀሙት፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ነፋስ ይወስደዋል። አሽታችሁ በሰፌድ አንፍሱት፤ ጥቁሩ ዘር ይቀራል። ወንድና ሴት አበባው ብዙውን ጊዜ በተለያየ ቁጥቋጦ ላይ ስለሆነ የማያፈራ ብታዩ አትገረሙ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አምና መደብ ሙሉ ዘርቼ አንድም አልበቀለልኝም። ዘሩ ሞቶ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብዙ ጊዜ ሞቶ አይደለም፤ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ውኃ አላስገባ ብሎ ነው። ውኃ አፍልተህ ከእሳት አውርድ፤ መንተክተኩን ሲያቆም ዘሩ ላይ አፍስስና እዚያው እየቀዘቀዘ ይደር። እሳት ላይ ጥደህ ግን አትቀቅለው፤ ያኔ በእርግጥ ይሞታል። ጠዋት አውጥተህ እይ፦ ውኃ የጠጣው አብጧል፤ ያልጠጣው እንደ ትናንቱ ትንሽና ደረቅ ነው። ያበጠውን በዚያው ቀን ዝራ፤ ለቀረው ሙቅ ውኃውን ድገምለት። ዘርህ ጥቂት ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ቅርፊቱን ቀስ ብለህ ፈግፍገው። ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ አትቅበረው፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ታገሥ።

ጥያቄ፦ በቅሎ ሳለ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ጠቁሮ ይወድቃል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውኃ አብዝተሻል፣ እህቴ። አሸዋ ጨምሪበት፤ ጠዋት ብቻ አጠጪ፤ የላይኛው አፈር ሳይደርቅ አትድገሚ። ጥላውንም ነፋስ እንዲገባው ከፈት አድርጊው።

ጥያቄ፦ እኛ ሰፈር ፍየል የሚያስቀረው ነገር የለም።

መልስ፦ ሙጫማውን ቅጠል ፍየል እንደ ልብ አይበላውም፤ ለዚህም ነው በተጋጠ መሬት ላይ የምናየው። ለጋውን ችግኝ ግን እንዳይረግጠው በእሾህ እጠሩት።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሪዞና፣ ፊኒክስ ነው። እናቴ ዘር ብትልክልኝ ይበቅላል?

መልስ፦ አታስልኪ፤ ያለ ፈቃድ ዘር ማስገባት ክልክል ነው። ደግሞም አያስፈልግሽም፤ የቅርብ ዘመዱ እዚያው አሪዞና የሚበቅል ነው፤ «ሆፕ ቡሽ» ብለሽ ችግኝ መሸጫ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ወደ መሬት መቼ ላውጣው? መሬቴ መረሬ ነው።

መልስ፦ ውኃ የሚያቁር መረሬ ላይ አይሆንልህም፤ ተዳፋቱን ምረጥ። ድንጋያማ ቢሆንም ግድ የለም። በጥር ወይም በየካቲት ያፈላኸው ለሐምሌ ይደርሳል። ከመትከልህ ከአንድ ወር በፊት ጥላውን አንሣ፣ ውኃውንም ቀስ በቀስ ቀንስ፤ ሲንከባከቡት የከረመ ችግኝ ዝናቡ ሲያቆም ይደነግጣል። ችግኙ ካደገበት የላስቲክ ከረጢት በታች ያመለጠ ሥር ካለ ቁረጠው። ዝናቡ መሬቱን በደንብ ካራሰ በኋላ ላስቲኩን ቀደህ ትከል፤ ለአጥር ከሆነ በየግማሽ ሜትሩ፣ ለተራቆተ ኮረብታ እስከ 2 ሜትር አራርቀው።